ከገመዱ ማዶ የተቀመጠ ሳህን

እናቴ የሞተች ጊዜ ማንም አላጎረሰኝም።

ይህን ለብዙ ዓመት በሆዴ ይዤው ኖሬአለሁ። ሰው ሲሞትበት እህል አልወርድ ይለዋል። ስለዚህ ጎረቤት አጠገቡ ቁጭ ብሎ «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» እያለ በግድ ያጎርሰዋል። በጨፌ ሰፈር ሌባም ቢሆን፣ ሰካራምም ቢሆን፣ እናቱ ከሞተች የሚያጎርሰው አያጣም። እኔ አጣሁ። ሳህኔን አምጥታ ከገመዱ ማዶ መሬት ላይ ያስቀመጠችው የእድራችን የሴቶች ሰብሳቢ እትዬ በለጡ ናት። አስቀመጠችና ጎንበስ ብላ፣ በትሕትና፣ «እዚሁ ይሻልሻል ውዴ፤ አየሩም ጥሩ ነው» አለችኝ።

በዕድሜ ታላቄ ስለሆነች በአፌ አንቱ እላታለሁ። በሆዴ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አንቱ ብያት አላውቅም፤ እዚህም አልልም።

ስሜ ውዴነሽ ነው። የብሎክ ዘጠኝን ደረጃ የምጠርገው እኔ ነኝ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ስጽፍ ብሳሳት በዚያው እለፉኝ። ደረጃውን ስጨርስ የመግቢያውን በር አፍ በአልኮል እወለውላለሁ። ሰው ሁሉ ጠዋት ሲወጣ ስሙን ይናገርና ጣቱን እዚያ አፍ ውስጥ ይከታል፤ በሩ እንደ ትንኝ ነከስ አድርጎ ይለቀዋል። ያ ሰው ሥራው ሳይደርስ እቤቱ ደጃፍ ላይ በስሙ ያለው መብራት ቀለሙን ይዟል። አረንጓዴ ከሆነ ሰላም ነው። ቀይ የትኩሳቱ ነው፤ ቀይ ካየን ግን ብዙ ዘመን ሆኗል። ቢጫ የሚሆነው ደሙ ራሱን በራሱ ሲያፈርስ ነው። የእኛ በር አሮጌ ነው፤ ፊት አያይም። ስም ሰምቶ ጣት ይቀበላል፣ በቃው።

ደረጃ ላይ ስንገናኝ «ደም እንዴት አደረ?» እንባባላለን። «አርፎ አደረ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይባላል። ድሮ ሰዉ የሚጠይቀው ስለ ራሱ ስለ ሰውየው ነበር ትል ነበር እናቴ።

ገመዱም የመጣው በትኩሳቱ ጊዜ ነው። መሬት ስለሌለን ድንኳን የምንተክለው ጣሪያ ላይ ነው። ያኔ መብራቱ ቀይ የሆነበት ሰው ከድንኳኑ ወዲያ፣ የውሃ ታንከሮቹ ጋ፣ ለብቻው እንዲቀመጥ እድሩ ገመድ ዘረጋ። ልክ ነበሩ፤ ያኔ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። ከዚያ ትኩሳቱ ሄደ፣ ገመዱ ቀረ። የተዘረጋ ገመድ ደግሞ ባዶውን አይቀመጥም። ቀይ ሲጠፋ ቢጫውን አስቀመጡበት።

የእኔ መብራት ቢጫ የሆነ ዕለት ያልኩት ነገር «አምፖሉ ነው» ነው። ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚለው። ግን ሦስተኛ ፎቅ ሳልደርስ ትንፋሽ ያጥረኝ ነበር። ሽንቴም የቆየ ሻይ መስሎ ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ። ጤና ጣቢያ ስሄድ ሲስተር ሰሎሜ ደሜን በብልቃጥ ቀዳች። ጠብታ ነገር ጨመረችበትና ብርሃን ላይ አንስታ አሳየችኝ። ደሜ እንደተበላሸ ወተት ተቋጥሮ ነበር።

«ሰውነትሽ ዘበኞች አሉት ውዴነሽ» አለችኝ። «ባዕድ ሲገባ የሚይዙ። ያንቺዎቹ ተሳስተው የገዛ ቤታቸውን ሰው ሌባ ብለው ይዘዋል። ቀዩን ደምሽን ልብስ አልብሰው ምልክት አድርገውበታል፤ ምልክት ያለበት ይፈርሳል። መድኃኒት አለው። በእጅ አይተላለፍም፣ በምግብ አይተላለፍም፣ በዐይን አይተላለፍም።»

በዐይን ያለችው ሳልጠይቃት ነው። ሰፈሩን ታውቀዋለች።

ሰፈሩ ግን ዘበኛ፣ ልብስ የሚለውን አልሰማም። የሰማው «ደሟ ይበላል» የሚለውን ነው። የሚበላ ደም ደግሞ እኛ ጋ ከጥንት ጀምሮ ስም አለው። የዛሬ ልጆች ያን ስም በአፋቸው አይጠሩትም፤ ነውር ነው። ግን ሊፍት ውስጥ ስገባ ልጆቻቸውን ወደ ጉያቸው ሳብ ያደርጋሉ። «ራሱን ያልማረ ደም ማንን ይምራል?» ይላሉ። እናቴ የሞተችም ያኔ፣ እኔ ቢጫ በሆንኩ በዓመቱ ነው። ታንከሩ ሥር ለብቻዬ ተቀምጬ፣ ሳህኑ እግሬ ሥር ሆኖ፣ ከድንኳኑ ውስጥ አንዷ ለሌላዋ «በልታት ይሆን?» ስትል ሰማሁ። ንፋሱ ነው ያመጣልኝ። ማን እንደሆነች አላየሁም።

ያን ቀን ወንበር ያመጣልኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የእትዬ በለጡ ባል ጋሽ ለገሠ። ሊፍት ጠጋኝ ነበሩ። ወንበሩን አስቀምጠው ምንም ሳይሉ ሄዱ፤ ሚስታቸው እያየቻቸው ነበር።

እንግዲህ መድኃኒቱን ስውጥ ኖርኩ። ደረጃውን ሳላርፍ መጥረግ ከጀመርኩ ቆየ፤ በር ላይ ያለው መብራት ግን ቢጫ እንደሆነ ቀረ። ሲስተር ሰሎሜ «መፍረሱ ቆሟል፤ ልብሱ ነው ያልወለቀው። በሩ ልዩነቱን አያውቅም» ትለኛለች። በሩ ካላወቀ ሰውም አያውቅም። ከዚያ ዘንድሮ በሰኔ አንድ ጠዋት አረንጓዴ ሆነ።

ልጄ አስካለ እንደ ሕፃን አጨበጨበች። ምክንያት አላት። ብሎክ ሦስት ያለ ልጅ ሊያገባት ፈልጎ፣ እናቱ ወይዘሮ ፋንታነሽ «የእናትየዋ መብራት ይለይለትና» ብላ ይዛው ነበር። አረንጓዴው በበራ በሳምንቱ «ሽማግሌ በሚቀጥለው እሑድ ይመጣል» ብላ ላከች።

እኔም ደስ አለኝ። ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ስጽፈው አፍራለሁ። ሊፍት ውስጥ ሰው አብሮኝ ሲቆም ደስ አለኝ። ያገለሉኝ ሴቶች «ደም እንዴት አደረ ውዴ?» ሲሉኝ «አርፎ አደረ» ስል ድምፄ ይቀጥን ነበር። አራተኛ ፎቅ ያለችው አዲስ ሙሽራ መብራቷ ቢጫ ነው፤ ደረጃ ላይ ስታገኘኝ ዐይኗ ለመነኝ። መጥረጊያዬን እያየሁ አለፍኳት።

እትዬ በለጡን ግን አልረሳኋትም። ያቺ አረፍተ ነገር አፌ ውስጥ ነበረች፤ «እዚሁ ይሻልሻል፤ አየሩም ጥሩ ነው።» ደረጃ ስጠርግ እላታለሁ። ድምፄን እንደ እሷ ለስለስ አድርጌ።

ያ ሳምንት ሳያልቅ የብሎኩ በር ሁሉ በአንድ ጊዜ ጮኸ። እንዲህ የሚጮኸው ሰው ሲሞት ነው። ጋሽ ለገሠ ቁርሳቸውን በልተው ልባቸው ቀጥ ብሎ ነበር።

አዘንኩ፤ የወንበሩን ነገር አስታውሼ አለቀስኩላቸው። ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት የበሩን አፍ ስወለውል አያቸው ነበር። ጣታቸውን ሰጥተው ይወጡና፣ ጥቂት ቆይተው ተመልሰው ድጋሚ ይሰጣሉ። «ምነው ጋሼ?» ስላቸው «ደሜ ጣፍጦታል፤ ድገመኝ አለኝ» ይሉ ነበር። እርጅና ነው ብዬ መወልወሌን ቀጠልኩ።

በማግስቱ ቀብር ነበር። ጠዋት ስድስተኛ ፎቅን ስጠርግ የእትዬ በለጡን ደጃፍ አየሁ። መብራቷ ቢጫ ነው። በሩ ተከፍቶ ጥቁር ለብሳ ወጣች፤ ስታየኝ ወደ ላይ አየች።

«አምፖሉ ነው» አለችኝ።

«ይሆናል እትዬ» አልኳት። ወደ ታች ስወርድ ደረጃውን ሁለት ሁለት እያልኩ ነበር የምወርደው። እንዲህ የወረድኩት ልጅ ሳለሁ ነው።

ከቀብር መልስ ጣሪያው ላይ ድንኳኑ ተተክሏል፤ ገመዱም ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል። ሴቶቹ ‹ወደ ማዶ እለፊ› እንዴት እንደሚሏት ተቸግረው እርስ በርስ ይተያያሉ። የእድሩን ሕግ ያስከበረችው እሷ ናት፤ ለሠላሳ ብሎክ ምሳሌ የሆነችው እሷ ናት። ምክትሏ ሽታዬ ጉሮሮዋን ጠረገች። ገና አፏን ሳትከፍት እትዬ በለጡ ነጠላዋን ሰበሰበች፣ ገመዱን በእጇ ከፍ አድርጋ አለፈች፣ ሄዳ ታንከሩ ሥር ተቀመጠች። ወንበር አልነበረም። መሬት ላይ ነው የተቀመጠችው።

እኔ ከውስጥ ነበርኩ። ከእናቴ ሞት ወዲህ ድንኳን ውስጥ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው። በግራዬ አስካለ፣ በቀኜ ወይዘሮ ፋንታነሽ። አንድ ትሪ ከብበን በላን። ወይዘሮ ፋንታነሽ ምስሩን በእንጀራ ጠቅልላ «እንኪ በይ የልጄ አማት» ብላ አጎረሰችኝ። ጣቶቿ ከንፈሬን ሲነኩኝ ልቅሶው ጠፋኝ። የሰው ጣት ምን እንደሚመስል ረስቼው ነበር።

«ለእትዬ በለጡ ሳህን ማን ያድርስ?» አለች ሽታዬ።

ሁሉም ወደ ትሪው አጎነበሰ። የቅርብ ወዳጆቿ እንኳ።

«አንቺ አድርሺ ውዴ» አለች ሽታዬ። «አንቺ እኮ ለምደሽዋል።»

«የድሮ ቦታዋን ታድስ ብላችሁ ነው?» አለች ከወዲያ አንዷ፤ ሁለት ሦስቱ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሳቅሁ እኮ።

አስካለ ክንዴን ያዘች። «እማዬ፣ አስቀምጠሽ ተመለሺ። እንዳትቀመጪ።»

ከቢጫ ጋር አብሮ የቆረሰ አርባው እስኪወጣ ከገመዱ አይመለስም፤ ሕጉ ነው። እሑድ ደግሞ ሽማግሌ አለ። «ምን አስቀመጠኝ?» አልኳትና ሳህኑን ተቀበልኩ።

ቀስ ብዬ ነው የሄድኩት። ሰው እንዲያየኝ ፈልጌ ነበር። ገመዱ ጋ ደረስኩ፣ ጎንበስ አልኩ፣ ሳህኑን ከማዶ መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ለዓመታት ያጠናሁትን፣ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ትሕትና አልኩት።

«እዚሁ ይሻልዎታል እትዬ፤ አየሩም ጥሩ ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። ታስታውሰው እንደሆነ ፊቷ ላይ ፈለግሁ። ያየሁት ሌላ ነገር ነው። የዐይኗ ነጩ እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል፤ ከንፈሯ ደም የለውም። ተቀምጣም ትንፋሽ ያጥራታል። የዛሬ መብራት አይደለም ይሄ፤ የቆየ ነው።

«ውዴ» አለችኝ፤ ድምፅዋ የለም። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።»

«ምን?»

«ለገሠን የበላሁት እኔ ነኝ?»

ልመለስ ዞሬ ነበር፤ እግሬ ቆመ።

«ልባቸው ነው የከዳቸው» አልኳት።

«ልቡንስ ማን በላው?» አለች። «መብራቴ ቢጫ የሆነ በፋሲካ ነው። ማንም ሳይነሳ አይቶት ደነገጠ። ‹አንቺ ታንከር ሥር አትቀመጪም፤ እኔ እያለሁ› አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ስሜን ጠርቶ የራሱን ጣት ይሰጥልኛል። ደሙን እኮ ነው በየቀኑ የሰጠልኝ ውዴ። እኔ እቤት ተኝቼ። ዛሬ ግን የሚሰጥልኝ የለም፤ ሳይነጋ ወርጄ የራሴን ሰጠሁ። ጨርሼው እንደሆነስ?»

ድገመኝ አለኝ ይሉ የነበሩት ይህንን ነው።

«አንዲት ጠብታ ናት» አልኳት። «ትንኝ ከዚያ የበለጠ ትወስዳለች። የእርስዎም ደም ከቆዳዎ አይወጣም፤ የሚያፈርሰው የገዛ ቤቱን ነው። ሰው አይበላም።»

«ማን ነገረሽ?»

«ሲስተር ሰሎሜ።»

«አንቺ አመንሻት?»

አዎ ልላት ነበር። አፌም ተከፍቶ ነበር። ግን ያቺ ሴት ባሏን ቀብራ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ከአፌ እውነቱን እየጠበቀች ነው።

«አላመንኳትም» አልኩ። «እናቴን የበላኋት እኔ እየመሰለኝ ነው የኖርኩት። ሲስተርን ደፍሬ አልጠየቅኋትም። አዎ ብትለኝስ ብዬ።»

«ማን አለሽ እንደዚያ?»

«እናንተ ናችሁ ያላችሁኝ።»

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ያን ቀን በድንኳኑ ውስጥ የተናገረችው ማን እንደሆነች አልጠየቅኋትም፤ እሷም አልነገረችኝም። ታንከሩ ከጀርባዋ ይጮሃል፤ እኔ ያኔ ተደግፌው የነበረው ታንከር ነው፤ ውሃ ሲስብ እንደ ሆድ ይጮሃል።

ሳህኑን አየሁት። ንፋስ የእንጀራውን ጠርዝ ያነሳዋል፤ አቧራ ገብቶበታል። አቀማመጡ ልክ እንደ ያኔው ነው። እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት። የደረሰብኝ ሁሉ የሷ ጥፋት ነው ብዬ ስንት ዓመት ኖርኩ፤ አሁን ሳህኑን ያስቀመጠው እጅ የማን ነው? ሳቁ የማን ነው? እፍረት እግሬ ድረስ ወረደ። መብራቴ ቢጫ በሆነ ጊዜ ያፈርኩት እፍረት ከዚህኛው ጋር ሲተያይ እፍረት አልነበረም። ያን ያደረገብኝ በሩ ነው። ይሄን ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ወደ ድንኳኑ ዞርኩ። አስካለ ቆማ እያየችኝ ነው። ራሷን በቀስታ ግራና ቀኝ ነቀነቀች፤ አይሆንም ማለቷ ነው። ወይዘሮ ፋንታነሽም ቀና ብላለች።

ገመዱን ከፍ አድርጌ አለፍኩ።

ድንኳኑ ውስጥ ወሬው ተቋረጠ። የታንከሩን ቧንቧ ከፍቼ እጄን ታጠብኩ። ተመልሼ ሳህኑን ከመሬት አነሳሁና አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ወይዘሮ ፋንታነሽ ነጠላዋን ስታጣፋ አየኋት። አስካለ ዐይኗን ከእኔ ላይ አነሳች። ሽማግሌ እንደማይመጣ ያኔውኑ ገባኝ፤ አልመጣምም። ልጄ እስከ ዛሬ እንደ ወትሮዋ አታናግረኝም። አልፈርድባትም፤ እሷን ሳላማክር ነው የእሷን የሰጠሁት። ይህንን ከሌላው ጋር ደርቤ ተሸክሜዋለሁ።

አቧራ ያልነካውን መርጬ ቆረስኩ፣ ምስሩን ጠቀለልኩበት፣ ወደ አፏ አስጠጋሁ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች እትዬ በለጡ። ነጠላው ከፊቷ ወርዷል። «ልጅሽስ? ሽማግሌ እሑድ ነው አይደል?»

«ክፈቺ።»

ድንገት ነው አንቺ ያልኳት። ልብ ያለችውም አልመሰለኝ።

«እኔ ላንቺ ያኔ...»

«ክፈቺ እኮ ነው ያልኩሽ። አፈር ስሆን። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ አብረን እንሄዳለን፤ ሲስተር ደምሽን በብልቃጥ ታያለች። እዚያ ድረስ በባዶ ሆድ አትደርሺም። ደረጃው ራሱ ይጥልሻል።»

ከፈተች። ጥርሷ ጥቂት ነው የቀረው፤ ቀስ ብላ ነው የምታላምጠው። እንባዋ ከወጡ ጋር ይወርዳል። ዋጠችውና አፏን በነጠላዋ ጠረገች።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለች።

«ከዚህ በላይ ልንጣላ ነው?»

ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ድምፅ ከአፍንጫዋ ወጣ። ሁለተኛውን አጎረስኳት፤ ሳታከራክረኝ ተቀበለችኝ። ከገመዱ ወዲያ አንድ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁ፤ ዞሬ አላየሁም። በጥግ በኩል ደግሞ፣ ከታንከሩ ወዲያ፣ የአራተኛ ፎቅዋ ሙሽራ የራሷን ሳህን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ለካ ከመጀመሪያው እዚያ ነበረች። «ነይ እስቲ፣ ምን ለብቻሽ አስቀመጠሽ?» አልኳት። ሳህኗን ይዛ ተነሳች።

እትዬ በለጡ እጇን ውሃ አስነካች። ከሳህኑ ቆረሰች፤ ሁለት ጊዜ ፈሰሰባት፣ ሁለት ጊዜ ደግማ ጠቀለለችው። ወደ እኔ ዘረጋች።

«ለእናትሽ» አለችኝ። «የዘገየ ነው።»

ቅር እንዳለኝ ነው። ሁሉም ነገር አልወጣልኝም። ያኔ ቢመጣ ኖሮ ስንት ነገር ይቀር ነበር ብዬ አሁንም አስባለሁ፤ ያን ዕለትም አስቤያለሁ፣ ጉርሻው አፍንጫዬ ሥር ሆኖ። እጇ ግን እየዛለ ነበር፤ ብዙ እንደማትይዘው አየሁ።

አፌን ከፈትኩ።